የሰብኮንትራክተሩ ኢንቮይስ ፔይመንት ውስጥ ይገባል?

ጥያቄው ይህ ነው፦ «በአንድ አማካሪ ድርጅት ኳንቲቲ ሰርቬየር (የሥራ መጠንና ክፍያ ተቆጣጣሪ) ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ የምንቆጣጠረው ጂ+9 ሕንጻ በፊዲክ (የዓለም አቀፉ አማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን) እ.ኤ.አ. የ1999 ቀይ መጽሐፍ፣ ማለትም በመደበኛ የግንባታ ውሉ፣ የሚሠራ ነው። ተቋራጩ ፔይመንት (የክፍያ ጥያቄ) ቁጥር 7ን ሲያስገባ የሁለት ሰብኮንትራክተሮቹን (ንዑስ ተቋራጮቹን) ኢንቮይስ አያይዞ ‹እኔን ያስወጣኝ ይህ ነው› አለ። አንዱ የአልሙኒየም መስኮት ነው፤ ቢኦኪው (የውሉ የሥራ መጠንና ነጠላ ዋጋ ዝርዝር) ላይ በካሬ ሜትር 14,500 ብር፣ ኢንቮይሱ ላይ 17,200 ብር። 310 ካሬ ሜትር ገጥሜያለሁ ይላል፤ ስንለካ ግን 48ቱ ፍሬም ብቻ ነው፣ መስታወት የለውም። ሌላው ሊፍት ነው፤ ፕሮቪዥናል ሰም (በውሉ ለጊዜው የሚያዝ ገንዘብ) 9 ሚሊዮን ብር ተይዞለት፣ እኛ በመረጥነው ኖሚኔትድ ሰብኮንትራክተር ለሁለት ሊፍት ያለ ቫት በ11.4 ሚሊዮን ተዋውሏል። አንዱ ሊፍት ሳይት ስለደረሰ ቫትን ጨምሮ የ3,277,500 ብር ኢንቮይስ መጥቷል፤ ለሰብኮንትራክተሩ የሰጠውን 30 በመቶ አድቫንስም ክፈሉኝ ይላል። በዚህ መሐል የልስኑን የእጅ ሥራ የያዘው ሰው ቢሯችን መጥቶ ሁለት ወር አልተከፈለኝም አለ። አለቃዬ ‹ሰብኮንትራክተሮቹን መክፈሉን እስኪያሳይ የክፍያ ሰርተፍኬቱን ያዘው› አሉኝ። ምን ላድርግ?»

አጭሩን ላስቀድም። የአልሙኒየሙን ኢንቮይስ ወደ ጎን ያድርጉና በቢኦኪው ዋጋ ይሥሩ። የሊፍቱ ኢንቮይስ ያስፈልግዎታል፤ ነገር ግን እንደመጣ አይገባም። የልስኑ ባለሙያ ጉዳይ ሰርተፍኬት በመያዝ አይፈታም፤ አንዲት ጠባብ ቀዳዳ ግን አለች፣ እደርስባታለሁ።

ረጅሙ መልስ የሚጀምረው ኢንቮይሱን ከመግለጥ በፊት ነው። ኢንቮይስ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ዓይን ይስባል። ማኅተም አለበት፣ ቁጥር አለበት፣ ደረሰኝ ተያይዞበታል። ሳናስበው «ይህ ተቋራጭ በእርግጥ ስንት አወጣ?» ወደሚል ምርመራ ይወስደናል። ቀይ መጽሐፉ ግን በአብዛኛው ይህን አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ስንት እንደተሠራና ተቋራጩ በጨረታ የሰጠው ዋጋ ስንት እንደሆነ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን የፔይመንት መስመር ሲይዙ በቅድሚያ አንድ ነገር ይለዩ፦ ውሉ እዚህ መስመር ላይ የሚከፍለው ዋጋ ነው ወይስ ወጪ? ዋጋ ከሆነ ተቋራጩ ከሰብኮንትራክተሩ ጋር የተነጋገረው የራሱ ጉዳይ ነው። ወጪ ከሆነ ግን ያለ ወረቀት አንድ ብር አይወጣም። ግራ መጋባቱ የሚመጣው ሁለቱም ዓይነት መስመሮች በአንድ ፔይመንት ውስጥ ተደባልቀው ስለሚገኙ ነው።

አልሙኒየሙ ዋጋ ነው። ቢኦኪው ላይ ነጠላ ዋጋ ተሰጥቶታል፤ በአንቀጽ 12 መሠረት ይለካል፣ በነጠላ ዋጋው ይባዛል። ተቋራጩ በራሱ ወርክሾፕ ቢሠራውም ለሌላ ቢሰጠውም ለእርስዎ አንድ ነው። አንቀጽ 4.4 የሰብኮንትራክተሩን ሥራና ጥፋት ሁሉ የተቋራጩ የራሱ አድርጎ ነው የሚቆጥረው። በ14,500 ተጫርቶ በ17,200 ካሠራ የ2,700 ብሩ ጉድለት የእሱ ነው። በ11,000 ማሠራት ችሎ ቢሆን ኖሮ ደግሞ የ3,500 ብሩ ትርፍ የእሱ ይሆን ነበር።

ይህን የመጨረሻውን አብዛኛው አማካሪ አይወደውም። እኔም አልወደውም ነበር። በሥራ ዘመኔ መጀመሪያ ላይ የአንድ ተቋራጭ የሳኒተሪ ሰብኮንትራክት ውል በአጋጣሚ እጄ ገባ። ዋጋው ከቢኦኪው በሩብ ያህል ያንሳል። የአሠሪውን ገንዘብ ያዳንኩ መስሎኝ ሰርተፍኬቱን በሰብኮንትራክቱ ዋጋ ቆርጬ አወጣሁት። ተቋራጩ የጻፈልኝ ደብዳቤ ግማሽ ገጽ አይሞላም፦ በዚሁ ስሌት በብሎኬት ሥራ የከሰርኩትንም ይክፈሉኝ። መልስ አልነበረኝም። በሚቀጥለው ሰርተፍኬት ገንዘቡን መለስኩለት፤ ከዚያ ወዲህ የማያስፈልገኝን የሰብኮንትራክት ውል ለማየት እንኳ አልጠይቅም። ያየሁትን እንዳላየሁ መሆን ይከብደኛል።

ወደ ቁጥሩ እንመለስ። የተቋራጩ ጥያቄ 310 በ17,200 ሲባዛ 5,332,000 ብር ነው። እርስዎ የሚያወጡት ሙሉ በሙሉ ለተጠናቀቀው 262 ካሬ ሜትር በ14,500 ሒሳብ 3,799,000 ብር ነው። ለቀሪው 48 ካሬ ሜትር ደግሞ ዜሮ መስጠትም ሙሉውን መስጠትም ልክ አይሆንም። ፍሬሙ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏልና የተሠራ ሥራ ነው፤ ግን መስታወት የሌለው መስኮት መስኮት አይባልም። እዚህ የሚያስፈልገው የነጠላ ዋጋው ትንተና ነው። ተቋራጩ ትንተናውን ከጨረታው ጋር አስገብቶ ከሆነ ከዚያ ይውሰዱ። ካላስገባ፣ ወደ ጎን ያደረጉት ኢንቮይስ የሚጠቅመው አሁን ነው፤ ለብሩ ሳይሆን ለምጣኔው። የሰብኮንትራክተሩ ዝርዝር ከ17,200 ብሩ ውስጥ 6,880ው የመስታወትና የሲሊኮን ነው ካለ መስታወቱ 40 በመቶ ነው ማለት ነው። ያንን ምጣኔ በራስዎ 14,500 ላይ ያሳርፉት፤ ፍሬሙ 60 በመቶ፣ ማለትም 48 ካሬ ሜትሩ 417,600 ብር ይሆናል። ድምሩ 4,216,600። ከተጠየቀው በ1,115,400 ብር ያነሰ ነው፤ ይህን ልዩነት ከየት እንደመጣ ከሰርተፍኬቱ ጋር በአንድ ገጽ አስረዱ። የማይብራራ ቅናሽ ሁሉ ጠብ ይሆናል።

ተቋራጩ የሚለው ነገር ግን ከመሬት የተነሣ አይደለም። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ከለቀቀ በኋላ ዶላር ከ57 ብር ግድም ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከዚያ በፊት የተጫረተ ሰው የአልሙኒየም ፕሮፋይል በጨረታው ዋጋ ከየት ያመጣል? ኪሳራው እውነተኛ ነው፤ መንገዱ ግን ኢንቮይስ አይደለም። ውሉ ውስጥ የዋጋ ማስተካከያ ካለ በአንቀጽ 13.8 ቀመርና ኢንዴክስ ይሠራል፤ ቀመሩም የማንንም ሰው ደረሰኝ አያይም። ሌላ መብት አለኝ የሚል ከሆነ ደግሞ ነገሩን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በ28 ቀን ውስጥ በአንቀጽ 20.1 ማስታወቂያ መስጠት ነበረበት። ፔይመንት ውስጥ ነጠላ ዋጋ ቀይሮ ማስገባት ክሌም (የተጨማሪ ክፍያ መብት ጥያቄ) አይባልም። ይህን በጨዋ ቋንቋ ይጻፉለት፤ ምናልባት ማስታወቂያውን በጊዜው ሰጥቶ ፋይል ውስጥ ተኝቶ ይሆናል፤ ያንን ሳያጣሩ ደግሞ እምቢ አይበሉ።

ከዋጋው ይልቅ ብዙ ገንዘብ የሚያመልጠው በልኬቱ ላይ ነው። የሰብኮንትራክተር ቴክኦፍ (የልኬት ሉህ) ተገልብጦ ዋናው ፔይመንት ውስጥ ሲገባ ደጋግሜ አይቻለሁ። ልስን ላይ በተለይ። የእጅ ዋጋ የሚዋዋለው ሰው ብዙ ጊዜ የበርና የመስኮት ክፍት ሳይቀነስ እንዲለካለት ይስማማል፤ በምትኩ የክፍቱን ጠርዝ ለብቻው አያስከፍልም። ለሁለቱ ሰዎች ፍትሐዊ ስምምነት ነው። በዋናው ውል የልኬት ደንብ ግን ክፍቱ የሚቀነስ ከሆነ ያው ግድግዳ ሁለት የተለያየ መጠን አለው፤ ሁለቱም በየውላቸው ልክ ናቸው። ኦፊስ ኢንጂነሩ ጊዜ አጥሮት የሰብኮንትራክተሩን ሺት ኮፒ ሲያደርግ አሠሪው ለአየር ይከፍላል። ስለዚህ ሰብኮንትራክተሩ ለተቋራጩ ያስለካው ለእርስዎ ፍንጭ እንጂ ልኬት አይደለም።

ሊፍቱ ጋ ስንደርስ መሬቱ ይለወጣል፤ እዚህ ውሉ የሚከፍለው ወጪ ነው። ፕሮቪዥናል ሰም የዋጋ ስምምነት አይደለም፤ ገንዘብ የተያዘበት ቦታ ብቻ ነው። በአንቀጽ 13.5 (ለ) መሠረት ወደ ውሉ ዋጋ የሚገባው ተቋራጩ በእርግጥ የከፈለው ወይም ሊከፍል የሚገባው ገንዘብና በዚያ ላይ በጨረታው አባሪ የተጻፈው የኦቨርሄድና ትርፍ መቶኛ ነው። ያው አንቀጽ መሐንዲሱ፣ ማለትም የእናንተ ድርጅት፣ ሲጠይቅ ተቋራጩ ፕሮፎርማውን፣ ኢንቮይሱንና ደረሰኙን እንዲያቀርብ ያስገድደዋል። 9 ሚሊዮን ተይዞ 11.4 ሚሊዮን መሆኑ ክፍያውን አያግደውም፤ የተያዘው ገንዘብ ጣሪያ አይደለምና። አሠሪው ግን ይህን ከሰርተፍኬት ላይ ማወቅ የለበትም፤ ሰብኮንትራክተሩን ስትመርጡ ልዩነቱን በደብዳቤ ካላሳወቃችሁት ዛሬ ይጻፉ።

ኖሚኔትድ በመሆኑ አንቀጽ 5.3 ተጨማሪ ሥራ ይሰጥዎታል፦ በሰብኮንትራክቱ መሠረት የሚገባውን ገንዘብ የሚያረጋግጡት እርስዎ ነዎት። ስለዚህ ሰብኮንትራክቱን አውጥተው ያንብቡ። የእያንዳንዱ ሊፍት ዋጋ 5.7 ሚሊዮን ነው። ኢንቮይሱ ያለ ቫት 2,850,000፣ ማለትም ግማሹ ስለሆነ፣ «ሳይት ሲደርስ 50 በመቶ» የሚል የክፍያ ደረጃ እንዳለ እገምታለሁ። ታዲያ ምን ደርሶ ነው ደረሰ የሚባለው? ፓኪንግ ሊስቱን ይያዙና ሣጥን በሣጥን ይቁጠሩ፦ ሞተሩ፣ ሬሉ፣ ካቢኑ፣ በሮቹ፣ ኮንትሮል ፓነሉ። ኮንትሮል ፓነሉ ገና ሞጆ ደረቅ ወደብ ከሆነ ሊፍቱ አልደረሰም። ሌላው ሁሉ ተሟልቶ አንድ ዕቃ ሲጎድል ሰብኮንትራክቱ ከፊል ክፍያ ይፈቅድ እንደሆነ ይዩ፤ ካልፈቀደ የሚገባው ገንዘብ ገና የለም።

ዕቃው ሙሉ ነው እንበል፤ መቶኛውም ለምሳሌ 8 ይሁን። ትክክለኛው ሒሳብ 2,850,000 ሲደመር 8 በመቶ፣ 3,078,000 ብር ነው። ብዙ ሰው የሚሠራው ስሕተት ቫት ያለበትን 3,277,500 ወስዶ 8 በመቶ መጨመር ነው፤ 3,539,700 ይመጣል። ከዚያ የሰርተፍኬቱ ጠቅላላ ድምር ላይ 15 በመቶ ቫት እንደገና ይጨመራል። ተቋራጩ ለሰብኮንትራክተሩ የከፈለውን ቫት ከግብር መሥሪያ ቤት ጋር ሲተሳሰብ ያቻችለዋል፤ ስለዚህ ለእሱ ወጪ አይደለም። በዚህ አንድ መስመር ብቻ አሠሪው 530,955 ብር ያለአግባብ ይከፍላል። የሚገርመው ይህን ስሕተት የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ ኦዲተር ነው፤ ያውም ሕንጻው ተመርቆ ከሁለት ዓመት በኋላ።

ሁለተኛው ወጥመድ ሪቴንሽን (ለዋስትና ከክፍያ ላይ የሚያዝ ገንዘብ) ነው፤ ይኼኛው የሚጎዳው ደግሞ ተቋራጩን ነው። ተቋራጩ ከሊፍቱ ኢንቮይስ ላይ 5 በመቶ ይዞ የቀረውን ከከፈለ፣ ደረሰኙ ላይ የሚታየው የተጣራው ገንዘብ ነው። እርስዎ ያንን የተጣራ ይዘው ሰርተፍኬቱ ውስጥ ቢያስገቡና በመጨረሻ ከጠቅላላው ላይ የዋናውን ውል ሪቴንሽን ቢቀንሱ ከአንድ ሥራ ሁለት ጊዜ ያዙ ማለት ነው። ከሪቴንሽን በፊት ያለውን ሙሉ ገንዘብ ያስገቡ፤ ቅነሳው አንድ ጊዜ፣ ከታች ይሁን። ዊዝሆልዲንግም እንዲሁ ነው፤ ተቋራጩ ለሰብኮንትራክተሩ ሲከፍል ቀንሶ ለመንግሥት ያስገባው ግብር ከከፈለው ገንዘብ ውስጥ ነው የሚቆጠረው።

የ30 በመቶው አድቫንስ፣ 3,420,000 ብር፣ አከራካሪ ነው። «የከፈለው ወይም ሊከፍል የሚገባው» የሚለውን ቃል ይዞ ይገባኛል የሚል ተቋራጭ ባዶ እጁን አይደለም የሚመጣው። እኔ ግን አላስገባም። አንደኛ፣ በአንቀጽ 14.3 የፔይመንቱ መነሻ የተሠራው ሥራ ዋጋ ነው፤ አድቫንስ ደግሞ ሥራ አይደለም። ሁለተኛውና ለእኔ ክብደት ያለው ምክንያት ይህ ነው፦ አሠሪው ለተቋራጩ የሰጠው አድቫንስ የተሰላው ፕሮቪዥናል ሰሙን ጨምሮ ባለው የውል ዋጋ ላይ ከሆነ፣ የሊፍቱ ድርሻ አስቀድሞ ተሰጥቶታል። ለዚያው ሥራ ሁለተኛ አድቫንስ መስጠት ይሆናል። አባሪውን ከፍተው አድቫንሱ በምን ላይ እንደተሰላ ይመልከቱ። ፕሮቪዥናል ሰም ተቀንሶ የተሰላ ከሆነ ክርክሬ ይዳከማል፤ ያኔ የሰብኮንትራክተሩ የባንክ ዋስትና ለአሠሪው ጥቅም እንዲሆን ተደርጎና ከየክፍያው ተመላሽ የሚሆንበት መንገድ በጽሑፍ ተቀምጦ ሊታሰብ ይችላል። አድቫንሱ ከየክፍያው የሚመለስ ከሆነ ደግሞ ከደረሰው ሊፍት 50 በመቶ ላይ ተመላሹ መቀነሱን ማየት አይርሱ፤ ሰብኮንትራክተሮች ኢንቮይስ ላይ ይህን መስመር መርሳት ይወዳሉ።

ወረቀት የሚጠየቅባቸው ሌሎች ሁለት ቦታዎች አሉ። አንዱ ሳይት ላይ የተከማቸ ማቴሪያል ነው። በአንቀጽ 14.5 የሚከፈለው በአባሪው ስሙ ለተዘረዘረ ዕቃ ብቻ፣ 80 በመቶ ነው። የመስታወቱ ጥቅል ሳይት ደርሶ ከሆነና ዝርዝሩ ውስጥ ካለ ተቋራጩ በዚህ በኩል ሊጠይቅ ይችላል፤ ኢንቮይሱን ግን በውሉ ውስጥ ካለው የዕቃው ዋጋ ጋር አስተያዩት፤ አንቀጹ ሁለቱንም እዩ ይላል። በ17,200 የተገዛ ዕቃ በማቴሪያል ስም ገብቶ ከ14,500ው በላይ እንዲከፈል አይደለም የተጻፈው። ሌላው ቢኦኪው ላይ ዋጋ የሌለው አዲስ ሥራ ነው። አንቀጽ 12.3 ተመጣጣኝ ወጪና ተመጣጣኝ ትርፍ ይላል። የሰብኮንትራክተሩ ዋጋ በውስጡ የሰብኮንትራክተሩን ትርፍ ቢይዝም ለተቋራጩ ወጪ ነው፤ «ትርፍ በትርፍ ላይ» ብለው አይቁረጡት። ተመጣጣኝ መሆኑን ግን በሌላ ፕሮፎርማ ያመሳክሩ፤ እስክትስማሙ ድረስም ጊዜያዊ ዋጋ ተክለው ይክፈሉ።

አሁን ወደ ልስኑ ባለሙያ። ሰውየው ፊትዎ ቆሞ ሠራተኞቹ ውጭ ሲጠብቁት የውል አንቀጽ መጥቀስ እንደሚከብድ አውቃለሁ። አለቃዎ ያሉትም ከቅንነት ነው። ነገር ግን አንቀጽ 14.6 ሰርተፍኬት ላይ ገንዘብ የሚያዝባቸውን ምክንያቶች ቆጥሮ አስቀምጧል፦ ከውሉ ጋር የማይስማማ ሥራ ወይም ዕቃ ሲኖር የማስተካከያው ወጪ፤ ተቋራጩ ግዴታውን ሳይፈጽም ቀርቶ መሐንዲሱ አስቀድሞ በጽሑፍ አሳውቆት ከሆነ የዚያ ሥራ ወይም ግዴታ ዋጋ። በሌላ ምክንያት ሰርተፍኬት አይያዝም ይላል። ተቋራጩ በራሱ የመረጠውን ሰብኮንትራክተር አለመክፈሉ ከእነዚህ ውስጥ የለም። በውላችሁ «ልዩ ሁኔታዎች» ክፍል ላይ የተጨመረ ነገር ካለ ያ ይገዛል፤ መጀመሪያ እሱን ያንብቡ።

ለኖሚኔትድ ሰብኮንትራክተር ግን ነገሩ ሌላ ነው። አንቀጽ 5.4 የሊፍቱን ገንዘብ የሚይዝ ሰርተፍኬት ከመውጣቱ በፊት፣ ቀደም ባሉት ሰርተፍኬቶች የወጣለት ገንዘብ ሰብኮንትራክተሩ እጅ መግባቱን የሚያሳይ ማስረጃ እንዲጠይቁ ይፈቅድልዎታል። ተቋራጩ ማስረጃ ካላመጣ፣ ወይም የያዘበትን በቂ ምክንያት በጽሑፍ ካላስረዳና ለሰብኮንትራክተሩ ማሳወቁን ካላሳየ፣ አሠሪው በራሱ ፈቃድ በቀጥታ ከፍሎ ከተቋራጩ ሊያስመልስ ይችላል። አለቃዎ ያነበቡት ይህንን ሳይሆን አይቀርም፤ ለሁሉም ሰብኮንትራክተር ዘርግተውታል።

ቀዳዳዋ ይህች ናት። በውሉ ትርጓሜ «የተቋራጩ ሠራተኞች» የሚለው የሰብኮንትራክተሩንም ሠራተኞች ይጨምራል። አንቀጽ 6.4 ደግሞ ተቋራጩ ለእነዚህ ሠራተኞች የሠራተኛ ሕጉ የሰጣቸውን መብት ሁሉ እንዲያከብር ያስገድደዋል፤ በእኛ አገር ያ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የለሳኞቹና የረዳቶቹ ደመወዝ ሁለት ወር ካልተከፈለ፣ ያልተፈጸመ የውል ግዴታ አለ ብሎ ለተቋራጩ በጽሑፍ ማሳወቅ ይቻላል፤ ካሳወቁ በኋላም ካልተስተካከለ የዚያን ግዴታ ዋጋ፣ ማለትም የደመወዙን መጠን ብቻ፣ መያዝ ይቻላል ብዬ አምናለሁ። ተቋራጩ ይከራከራል፤ ክርክሩም ቀላል አይሆንም። በዚህ መንገድ የሚጠበቀው የሠራተኞቹ ደመወዝ እንጂ የእጅ ሥራውን የያዘው ሰው ትርፍ አይደለም፤ ለፔይመንት 7ም አይደርስም፣ ማስታወቂያው መቅደም አለበትና። ከዚያ መለስ ማድረግ የሚችሉት ጉዳዩን የሳይት ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ላይ ማስመዝገብ ነው። ቀላል ይመስላል፤ ባንክና አሠሪ የሚያነቡት ወረቀት ላይ ስሙ በዚህ መልክ እንዲሰፍር የሚፈልግ ተቋራጭ ግን ጥቂት ነው፣ ብዙዎቹ ከሚቀጥለው ስብሰባ በፊት ይከፍላሉ። አንድ ጥንቃቄ፦ ለሰውየው የሰርተፍኬቱን ኮፒ አይስጡት። በቢኦኪውና በእጅ ዋጋው መካከል ያለውን ልዩነት ሲያይ ጠቡ ሌላ ጠብ ይሆናል፤ እርስዎም ያልተፈቀደልዎትን ሰነድ ያወጡ ይሆናሉ።

እንግሊዝ አገር የምትሠሩ ይህን ስታነቡ «እኛ ጋ እኮ ኢንቮይስ ነው የሚታየው» ሳትሉ አትቀሩም። ልክ ናችሁ፤ ኤንኢሲ 4 በተባለው የእንግሊዝ መደበኛ ውል አማራጭ ሲ ላይ ከሆናችሁ ውሉ ራሱ የሚከፍለው ወጪ ነው። እዚያ የአልሙኒየሙ 17,200 በጊዜያዊ ክፍያው ውስጥ ይገባል፤ ፕሮጀክት ማናጀሩ ተቋራጩ እስከሚቀጥለው የግምገማ ቀን ከፍሎት ይሆናል ብሎ የሚተነብየው ወጪና ፊው (በወጪው ላይ በመቶኛ የሚታከለው የተቋራጩ ድርሻ) ነው የሚከፈለው። በመዝገብ ያልተደገፈ ወይም በሰብኮንትራክቱ መሠረት መከፈል ያልነበረበት ወጪ ውድቅ ይደረጋል፤ ከታለመው ዋጋ የበለጠው ወይም ያነሰው በኋላ ሁለቱ ወገኖች ይካፈሉታል። እዚያው አገር እ.ኤ.አ. የ1996ቱ የኮንስትራክሽን ሕግ ደግሞ «አሠሪው ሲከፍለኝ እከፍልሃለሁ» የሚለውን የሰብኮንትራክት አንቀጽ፣ ከላይ ያለው ከፋይ ከከሰረበት ሁኔታ በቀር፣ ዋጋ አሳጥቶታል። ከዚያ የተማረ ሰው አዲስ አበባ መጥቶ በቀይ መጽሐፍ ሳይት ላይ ኢንቮይስ ሲጠይቅ፣ ወይም ከዚህ የሄደ ሰው ለንደን ላይ ኢንቮይስ አላይም ሲል አይቻለሁ። ሁለቱም ጎበዝ ባለሙያዎች ነበሩ፤ የያዙት ውል ነው የተለወጠባቸው።

ፔይመንት 7 የገባበትን ቀን አልጻፉልኝም፤ ዛሬ ከሁሉ በፊት የሚያጣሩት እሱን ይሁን። ፔይመንቱና ማስረጃዎቹ ከደረሱዎት ቀን ጀምሮ ሰርተፍኬቱን ለማውጣት ያለዎት 28 ቀን ነው፤ አሠሪው ደግሞ ከዚያው ቀን ተቆጥሮ በ56 ቀን መክፈል አለበት፤ ካለፈ በየወሩ የሚደራረብ ወለድ ይጀምራል። የሊፍቱ ሣጥን ተቆጥሮ እስኪያልቅ ወይም የአድቫንሱ ክርክር እስኪቋጭ ሌላውን ሁሉ አይዙ። የአልሙኒየሙን 4,216,600 ብርና ያላከራከሩትን መስመሮች ከቀደሙት ሰርተፍኬቶች ድምር ጋር አቻችለው ያውጡ። የሊፍቱ ነገር ከተጣራ በሚቀጥለው ሰርተፍኬት ይገባል፤ በዚህኛው የተሳሳተ ቁጥር ካለም አንቀጽ 14.6 በሚቀጥለው እንዲያርሙት ይፈቅድልዎታል።